ዕዳው ግን ከጀናዛው ጋር አልተቀበረም

 



ባለፈው ዓመት ለተዕዚያ ወደ ቡኢ ወርጄ ነበር። ቡኢን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስትጓዙ አዋሽን ተሻግራችሁ፣ ጥያን አልፋችሁ የምታገኟት የሶዶ ወረዳ ከተማ ናት። የሞተው የአክስቴ ልጅ ነበር። በርበሬና እህል እየጫነ መርካቶ የሚያራግፍ ነጋዴ ነው። አይሱዙውን ራሱ ይነዳ ነበርና በዚያው መንገድ ላይ፣ በሌሊት፣ ተገልብጦ ሞተ። አላህ ይዘንለት። ሚስትና አራት ልጆች ትቷል፤ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም።

ሰላቱል ጀናዛ ሊሰገድ ሰልፍ ተይዞ ሳለ ኢማሙ እንደ ደንቡ ዞር ብለው፣ ከሟቹ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ይናገር፣ አሉ። ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «እኔ የእቁቡ ዋስ ነኝ፤ አሁን የምለው የለኝም፣ ግን ዕዳ መኖሩ ይታወቅ» ብለው ድምፃቸው ተቆረጠ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቹ 40 ሰው ያለበት፣ በሳምንት 5,000 ብር የሚጣልበት የነጋዴዎች እቁብ ውስጥ ነበር። በ6ኛው ሳምንት ዕጣው ወጣለትና 200,000 ብር ወስዶ ለሞተር ማሠሪያና ለበርበሬ መግዣ አዋለው። በ15ኛው ሳምንት ሞተ። የቀረው 25 ሳምንት ነው፤ 125,000 ብር። ይህን የሚከፍለው ማነው? በእቁብ ሕግ ዋሱ ነው። ዋሱ ደግሞ ቆርቆሮና ሚስማር ሸጠው የሚያድሩ ሽማግሌ ናቸው።

እኔ በዚያ ሰልፍ ቆሜ ያስታወስኩት ሌላ ነገር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው እርሳቸው ራሳቸው ከመስገድ መቆጠባቸውን፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን እኔ እችላለሁ ካሉ በኋላ መስገዳቸውን ሁላችንም ተምረናል። የሰው ሐቅ እንዲህ የከበደ ነው። ታዲያ ይህን ሐዲስ ስንቶቻችን በሕይወት ሳለን እናስታውሰዋለን?

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በ2010 ዓ.ም. ነው። ይህ ሰው እቃ አራግፎ አንዋር መስጊድ አካባቢ ሻይ ቤት ተገናኘን። «አንተ የተማርክ ነህ፣ ጋዜጣም ትጽፋለህ። አንድ ሰው የሕይወት ኢንሹራንስ ግባ ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። ምን ትላለህ?» አለኝ። እኔም ሻዬን ሳላስቀምጥ፣ «ሐራም ነው፣ ተወው» አልኩት። ተወው። ወሬያችንም ወደ በርበሬ ዋጋ ሄደ። መልሴ ብዙዎቹ ዑለማዎች ከሚሉት የራቀ አልነበረም። ነገር ግን ሰውየው የጠየቀኝ «ብሞት ልጆቼ ምን ይሆናሉ?» ነበር፤ የእኔ መልስ ይህን ጥያቄ አልነካውም። ከሁለት ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የተካፉል መመሪያ ሲያወጣ ዜናውን አነበብኩ፣ ደስም አለኝ። ለእርሱ ግን ስልክ አልደወልኩም።

እስቲ ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። ጥንቃቄ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመካሁ ያለውን ገጠሬ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድመህ እሰራት እንዳሉት የማያውቅ የለም። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የግብፅን የ7 ዓመት ጥጋብ ለ7 ዓመት ረሃብ ያስቀመጡት ቀድሞ ማሰብ ዒባዳን ስለማያፈርስ ነው። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታመው ንብረታቸውን ሁሉ ለሰደቃ ሊናዘዙ ባሰቡ ጊዜም፣ ከሲሶ እንዳያልፉ የተከለከሉት ወራሾች የሰው እጅ ከሚያዩ የተብቃቁ ሆነው ቢቀሩ ይሻላል በሚል ምክንያት ነው። አሽዐሪዎቹ ስንቅ ሲያልቅባቸው ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ አመስግነዋቸዋል። የነፍስ ካሳ በወገን ተዋጥቶ የሚከፈልበት የዓቂላ ሥርዓትም እስልምና ያጸናው ነው።

ታዲያ ኢንሹራንሱ ምን አጠፋ? ችግሩ ያለው በውሉ ነው። አንድ ሰው በዓመት የተወሰነ ብር ለኩባንያ ይከፍላል። አደጋ ከደረሰ እጅግ የበለጠ ያገኛል፤ ካልደረሰ ያ ብር የኩባንያው ትርፍ ሆኖ ይቀራል። የሚሸጠው ነገር ይኑር አይኑር፣ መቼ ይሁን፣ ስንት ይሁን አይታወቅም። ይህ ገረር ነው፤ ከቁማርም ይቀራረባል። በዚያ ላይ የተሰበሰበው ገንዘብ በወለድ ይሠራበታል። የደማስቆው ኢብን ዓቢዲን፣ እ.ኤ.አ. በ1836 የሞቱት፣ በዘመናቸው «ሱከራ» ይባል ስለነበረው የባሕር ጭነት ዋስትና ጽፈው ከልክለዋል። በእኛ ዘመን ሶርያዊው ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ የንግድ ኢንሹራንስን የፈቀዱ ታላቅ ዓሊም ናቸው። ይሁንና የእስላማዊ ኮንፈረንስ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ጅዳ ላይ ተሰብስቦ የንግድ ኢንሹራንስ ውል ውሉን የሚያፈርስ ትልቅ ገረር ስላለበት የተከለከለ መሆኑን፣ በልገሳና በመተባበር ላይ የቆመው የኅብረት መድን ግን የተፈቀደ መሆኑን ወሰነ። እኛ ከዚህ ውሳኔ ውስጥ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ እየደጋገምን ሁለተኛውን ረሳነው።

ሌላም ስህተት አለብን። «ኢንሹራንስ» ስንል ሁሉን በአንድ ጆንያ እንከታለን። ዓይነቱ ግን ብዙ ነው።

የሕይወት መድን የሚባለው ራሱ አንድ አይደለም። ለተወሰነ ዘመን፣ ለምሳሌ ለ10 ዓመት ብቻ የሚገባ አለ፤ በዚያ ውስጥ ከሞቱ ለቤተሰብ ይከፈላል፣ ካልሞቱ የሚመለስ የለም። እስከ ዕለተ ሞት የሚዘልቅም አለ። ቁጠባ የተቀላቀለበትም አለ፤ ዘመኑ ሲያልቅ ባለቤቱ በሕይወት ቢኖርም ገንዘቡን ይወስዳል፣ ዋጋውም ከሁሉ ይከብዳል፤ ወለዱም በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከብድር ጋር የተያያዘ የሕይወት መድን ደግሞ ተበዳሪው ቢሞት የቀረውን ዕዳ ይዘጋል። የቡኢውን ሽማግሌ ሳይ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። የአካል ጉዳት ወይም የግል አደጋ መድን ከእነዚህ የተለየ ነው። በአደጋ ለመጣ ሞትና ጉዳት እንጂ በበሽታ ለመጣ አይከፍልም። ብዙ ሰው ይህን ከሕይወት መድን ጋር እያምታታ ኋላ ይጣላል።

የሦስተኛ ወገን የመኪና መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ በመጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 559/2000፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገ። ሕግ ያስገደደውን ሰው ተገድዶ በመግባቱ አንጠይቀውም የሚሉ ዑለማዎች ብዙ ናቸው። ዘመዴም በመስታወቱ ላይ ምልክቱን ለጥፎ ነበር። በተዕዚያው ቤት አንዱ፣ «ኢንሹራንስ ነበረው እኮ፣ ለምን አይከፍሉም?» እያለ ሲቆጣ ሰማሁት። አይከፍሉም! ሦስተኛ ወገን ማለት ስሙ እንደሚናገረው መኪናው የጎዳው ሌላ ሰው ነው፤ ለሾፌሩ ነፍስና ለመኪናው ብረት የተገባ ዋስትና አይደለም። በነገራችን ላይ፣ ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና የተጎዳ ሰው ከመድን ፈንድ ካሳ የሚጠይቅበት መንገድ እንዳለ ስንቱ ያውቃል?

ከዚያ የመንግሥቱ አለ። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ፤ ሰውየው ቢሞት የትዳር ጓደኛና ልጆች ተተኪ አበል አላቸው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደግሞ ደመወዝተኛ ያልሆነው ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ አዋጥቶ የሚታከምበት ነው፤ መንግሥትም ይደጉመዋል። የአል-አዝሃር የእስላማዊ ምርምር ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 የኅብረት መድንንና እንዲህ ያለውን የመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና ፈቅዷል። እንግዲህ የጤና መድህን መታወቂያ ማውጣትን «ሐራም ነው» ብሎ ልጁን ሳያሳክም የሚቀር ሰው ካለ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ነገሩን ለይተን ያልነገርነው የእኛም ነው።

ተካፉል የሚባለው እነሆ ይህ ነው። አባላቱ የሚከፍሉት በልገሳ ኒያ ነው፤ ተበሩዕ ይባላል። ገንዘቡ የኩባንያው ሳይሆን የአባላቱ የጋራ ማጠራቀሚያ ነው። ኩባንያው ወኪል ሆኖ ያስተዳድራል፣ ለድካሙም የታወቀ ክፍያ ይወስዳል። ከአባላቱ አንዱ ሲጎዳ ከጋራው ይካሳል። በዓመቱ መጨረሻ ከተረፈ ለአባላቱ ሊመለስ ይችላል፤ ከጎደለ ኩባንያው ያለ ወለድ ያበድራል። ገንዘቡ በወለድ አይሠራበትም፣ የሸሪዓ ዐዋቂዎችም ይቆጣጠሩታል። ሱዳን ይህን እ.ኤ.አ. በ1979 ኻርቱም ላይ ጀመረች፤ ማሌዢያ በ1984 ሕግ አወጣችለት። በእኛ አገር መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ፤ በዓመቱ ደግሞ ዘምዘም የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ። አንዳንድ የመድን ኩባንያዎችም የተካፉል መስኮት ከፍተዋል።

«ተካፉል» የሚል ሰሌዳ ስላያችሁ ግን ዐይናችሁን ጨፍናችሁ አትፈርሙ። ገንዘቡ ከሌላው ተለይቶ ይቀመጣል ወይ? የሸሪዓ ተቆጣጣሪዎቹ እነማን ናቸው? ትርፉ እንዴት ይመለሳል? ብላችሁ ጠይቁ። የማይሸፍነውን ዝርዝር አንብቡ። በሽታችሁን አትደብቁ፤ ውሸቱ ራሱ ኃጢአት ነው፣ ውሉንም ያፈርሳል። በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ መሠረት አደጋ ሲደርስ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ማስታወቅ፣ ክርክርም ካለ በ2 ዓመት ውስጥ ማንሳት ያስፈልጋል። የሕይወት ከሆነ ደግሞ «ተጠቃሚ» ብላችሁ የምትጽፉት ስም ከሚራስ ጋር ይነካካልና፣ አንዷን ልጅ ጽፋችሁ ሌሎቹን ከማስቀየማችሁ በፊት ዓሊም ጠይቁ።

እድራችንንስ? እድር ሲመሠረትስ ተካፉል አልነበረም ወይ? ማንም ሊያተርፍበት አያዋጣም። በቡኢው እድር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለበት። ድንኳኑን የተከሉት፣ ወንበሩን ያመላለሱት፣ እኛ ስናለቅስ ውሃ የቀዱልን ሁሉም ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጀዕፈር ቤተሰብ ጎረቤት ምግብ እንዲሠራ ያዘዙትን ሱና የቡኢ ሰው በቆጮና በጎመን ሲፈጽመው አይቻለሁ። ሆኖም እድር የተሠራው ለቀብርና ለሐዘን ሰሞን ነው። ድንኳኑ ሲነሳ የሟች ሚስት ዒዳ ላይ ናት፤ 4 ወር ከ10 ቀን። ገበያ ወጥታ እንዳትነግድ ዒዳው፣ እንዳትበደር ያለው ዕዳ ያዛት። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ግን ዒዳ አያውቁም።

ዒዳዋን ስትጨርስ ተመልሼ ሄድኩ። የሻይ ቤቱን ወሬ አውጥቼ ነገርኳት፤ በልቤ ይዤው መኖር አልቻልኩም። ዝም ብላ ሰማችኝ። «ወንድሜ፣ ቀኑን አላህ ነው የጻፈው፣ አንተ ምን አደረግህ?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ፣ «ግን ሐራሙን ስትነግረው ሐላሉን ፈልጌ እነግርሃለሁ ብትለው፣ እርሱ አንተን ያምን ነበር» አለች። የምመልሰው አልነበረኝም።

የእቁቡ ነገር እንዲህ ሆነ። አባላቱ ተሰብስበው፣ የቀረውን ዕዳ እኩሌታ ዋሱ ሽማግሌ በዝግታ እንዲከፍሉ፣ እኩሌታውን ለአላህ ብለው እንዲተዉ ተስማሙ። የእቁቡ ዳኛ ከሰላተል መግሪብ በኋላ ጠርተውኝ አንድ ሐሳብ አጫወቱኝ። ለሚቀጥለው ዙር እያንዳንዱ አባል በሳምንት ከ5,000ው ላይ 50 ብር ጨምሮ ይለግስ፤ ዕጣ ወጥቶለት የሞተ ቢኖር ቀሪው ከዚያ ይከፈል፤ ማንም ካልሞተ ወደሚቀጥለው ዙር ይሸጋገር። 40 ሰው በ40 ሳምንት 80,000 ብር ይሆናል። እኔም ሁለት ሰው ቢሞትስ፣ ገንዘቡ በማን ስም ይቀመጥ፣ ከወለድ ነፃ ሒሳብ ይከፈትለት ወይ፣ ከማኅበሩ የሚወጣ ሰው የለገሰውን ይጠይቃል ወይ፣ እያልኩ ጠየቅኋቸው። «ይኸው፣ ይህን ሁሉ ጻፈው፤ አንተ አይደለህ የምትጽፈው!» ብለው አዲስ ደብተር ሰጡኝ።

ደብተሩ አሁን ከእኔ ዘንድ ነው። አራት ገጽ ጽፌአለሁ፤ የሸሪዓ ዐዋቂ ሳያየው ላልመልሰው ተስማምተናል። አዲሱ ዙር የሚጀመረው ከዒድ በኋላ ነው።