የበርሜሉ ቁልፍ

ኤአር-3ኤ የተባለው ስፒከር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967፣ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው። ዛሬ ከአባቱ የወረሰው ወይም ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛው ሰው ጥንዱን ሳሎን አስቀምጦ ሸክላ እያጫወተ ያሰላስላል፦ በአዲስ ይለውጣቸው? ውስጣቸውን ያሳድስ? ወይስ እንዳሉ ይተዋቸው? ጥያቄው የገንዘብ ይመስላል። አስቸጋሪው ግን “የተሻለ” የሚለው ቃል ነው። ከምን የተሻለ? በማን ምስክርነት?

ስፒከሩን ከሠራው ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የነበረው ኤድጋር ቪልቸር ለዚህ የማያሻማ መልስ ነበረው። ቀዳሚውን ኤአር-3 ሲያስተዋውቁ ፋይን አርትስ የተባለው የአራት ባለ ክር መሣሪያዎች ቡድን አዳራሽ ውስጥ ይጫወታል፤ መሐል ላይ ተራውን ለስፒከሩ ይለቃል። ብዙ አድማጮች ቀጥታውን ከተቀዳው መለየት ይቸግራቸው ነበር። ስፒከር የሚመዘነው ከሌላ ስፒከር ጋር ሳይሆን ከራሱ ከቫዮሊኑ ጋር ነው ማለት ነው።

ሳሎን ውስጥ ግን ቫዮሊን የለም። ያለው ጆሮ ነው፤ ጆሮ ደግሞ የለመደውን ይወዳል። ስፒከሩ የሚያረጀውም ቀስ እያለ ነው። ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በሚያከፋፍለው ሰርኪት ውስጥ ያሉ ካፓሲተሮች በዓመታት ብዛት ልካቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ኋላ በተሠሩት ላይ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ዉፈር ዙሪያውን የያዘው ስፖንጅ ይፈረፈራል። ከጀርባ ያሉት ሁለት የድምፅ መጠን ቁልፎች ይዝጉና ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ቱዊተር ይደክማል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ዝም ይላል። ባለቤቱ በየቀኑ ስለሚሰማው ለውጡ አይታወቀውም። እንዲያውም “የድሮ ስፒከር ድምፁ ለስላሳ ነው” እያለ ለእንግዳ ያወራል። ልስላሴው የቱዊተሩ ዝምታ ቢሆንስ?

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ ባሳተመው መጣጥፍ ዶን ኪኾቴ ከተባለው ልብ ወለድ የተዋሰው ታሪክ አለ። ሁለት ሰዎች ከአንድ በርሜል ወይን ይቀምሳሉ። አንዱ “ጥሩ ነው፣ ግን ቆዳ ቆዳ ይላል” አለ። ሌላው “ጥሩ ነው፣ ግን ብረት ብረት ይላል” አለ። ተሳቀባቸው። በርሜሉ ሲገለበጥ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ተገኘ። (አማርኛችን ለበሩም ለስፒከሩም ያንኑ ቃል መስጠቱ እዚህ ላይ ጠቀመን።)

ሂዩም በዚህ ማሳየት የፈለገው፣ ጣዕም እንደ ሰዉ ቢለያይም ትክክለኛ ቅምሻ ከዕቃው ውስጥ ምክንያት እንዳለው ነው። ቀማሾቹን የረዳቸው ደግሞ ቁልፉን አለማየታቸው ነው። የስፒከር ገዢ ግን ዋጋውንም ስሙንም አይቶ ነው የሚያዳምጠው። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ጥናት፣ ሰዎች ስፒከሮቹን እያዩና ሳያዩ የሰጡት ነጥብ ተለያይቶ ተገኝቷል። ዓይን ከገባበት ጆሮ ብቻውን አይፈርድም።

ስለዚህ በርሜሉ ይገልበጥ። ሳጥኑ ተከፍቶ ቁልፎቹ ይጸዱ፣ የተፈረፈረው ስፖንጅ ይተካ፣ ካፓሲተሮቹ ይለኩ። “ኦሪጅናሉን አትንኩ” የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። የበሰበሰ ስፖንጅ የመሐንዲሱ ሐሳብ አልነበረም፤ እሱን መተካት ስፒከሩን ወደ ራሱ መመለስ ነው። ቱዊተሩን አውጥቶ የሌላ ኩባንያ መግጠም ግን ሌላ ነገር ነው። ውጤቱ የበለጠ ሊያምር ይችላል፤ ኤአር-3ኤ ብሎ መሸጥ ግን ውሸት ነው። አዲስ መግዛት ይሻል እንደሆነ ሊፈረድ የሚችለውም አሮጌው ከታደሰ በኋላ፣ ሌላ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ እያቀያየረ ሲያሰማ ነው።

ወደ ሱቅ ለመሄድ የተነሣ ሰው መጀመሪያ ድምፁን ቀንሶ ጆሮውን ወደ ቱዊተሩ ያስጠጋ። ምንም ካልሰማ፣ ከጀርባ ያለውን ቁልፍ ወዲያና ወዲህ ያዙረው።