ወንጀልን በደም ውስጥ መፈለግ

መርካቶ ውስጥ «ሌባ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ብዙ ጊዜ ከዳኛ ቀድሞ የሚፈርደው መንገደኛው ነው። የተያዘው ልጅ ያደረገው ብቻ አይበቃውም፤ «ድሮስ ዘሩ!» ብሎ እስከ አያቱ ይወርዳል። ሳይንስም አንድ ጊዜ እዚሁ ስህተት ደጃፍ ደርሶ ነበር። በ1965 እ.ኤ.አ. ፓትሪሺያ ጃኮብስና ባልደረቦቿ ስኮትላንድ ውስጥ በካርስቴርስ የአእምሮ ሆስፒታል በጥብቅ ጥበቃ ሥር ከነበሩ 197 ወንዶች ሰባቱ ትርፍ ዋይ (ወንድነትን የሚወስን) ክሮሞዞም እንዳላቸው አገኙ። ከሺህ ወንዶች አንዱ ገደማ ብቻ እንዲህ ሆኖ ስለሚወለድ ቁጥሩ አስደነገጠ፤ ብዙዎችም የወንጀል ክሮሞዞም ተገኘ አሉ። በ1966 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ስምንት ሴቶችን የገደለው ሪቻርድ ስፔክ ትርፍ ዋይ አለው ተብሎ በሰፊው ተወራ፤ ምርመራው ግን እንደሌለው አሳየ።

ጥፋቱ ፍለጋውን በጥበቃ ሥር ከነበሩ ሰዎች መጀመሩ ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. የታተመው የዴንማርክ ጥናት ግን ከኮፐንሃገን ረጃጅም ወንዶች 4,139ኙን መርምሮ ትርፍ ዋይ ያላቸው 12 ሰዎች አገኘ፤ አምስቱ ተፈርዶባቸው ያውቃሉ። ከሌሎቹ ወንዶች የተፈረደባቸው ከመቶ ዘጠኝ ገደማ ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ግልጽ አይደለም ወይ? ግልጽ ነው፤ መካድም አይገባም። ነገር ግን የአምስቱ ጥፋት በአብዛኛው ቀላል የንብረት ወንጀል ነበር፤ በአእምሮ ችሎታ ፈተናም ዝቅ ያለ ውጤት ነበራቸው። ትርፉ ዋይ ለጥቃት የሚገፋ ቢሆን ኖሮ መዝገባቸው በድብደባና በግድያ በተሞላ ነበር። ከሁሉ በላይ፣ በየአገሩ እስር ቤቱን የሚሞሉት አንድ ዋይ ያላቸው ተራ ወንዶች ናቸው፤ ወንድ ሆኖ መወለዱን ግን ማንም ይቅርታ መጠየቂያ አያደርገውም።

አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በሚጎራበቱበት በመርካቶ ሁለቱም ሃይማኖቶች በደለኛን ወደ ንስሐና ወደ ተውባ ይጠራሉ። ጥሪው ትርጉም የሚኖረው ሰው ሌላ መንገድ መምረጥ ከቻለ ነው፤ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ አለ ያለ ሰው ይህንን በር ይዘጋል። «ታዲያ ደካማ ሆኖ የተወለደው እንደ ጤነኛው ይቀጣ?» የሚለው ተቃውሞ ግን ከባድና እውነተኛ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 48 ሕመምን፣ የእድገት መዘግየትንና መሰል ተፈጥሯዊ ምክንያቶችን ይቀበላል፤ ግን ምክንያቱ ላይ አይቆምም። ሰውየው በዚያች ሰዓት የሚያደርገውን መረዳት ወይም ራሱን መግዛት ተስኖት ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። አቅሙ በከፊል የጎደለ እንደሆነ አንቀጽ 49 ቅጣቱን ያቀልለታል። እዚያው መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ፍርድ ቤት የላከውን ተከሳሽ ሲመረምር መልስ የሚፈለግበት ጥያቄም ይኸው ነው።