ነሐሴ ላይ የሚታሰብ ዋንጫ

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሰኔ ላይ ሲዘጋ የሀገር ውስጥ ኳስ የሚከታተል ሰው እስከ መስከረም መጨረሻ ወይም እስከ ጥቅምት ድረስ የሚያየው ጨዋታ አይኖረውም። የሚያወራው ግን ሞልቷል። የጎጃሟ ደብረ ማርቆስ ደጋ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡና ብርዱ ሰውን ቤት ይሰበስባል። ቡና በሚፈላበት፣ ዲኤስቲቪ በሚታይበት፣ ባጃጅ በሚጠበቅበት ሁሉ የሚነሡት ጥያቄዎች ያው ናቸው፦ ማን ሄደ? ማን መጣ? ዘንድሮ ስንተኛ እንወጣለን? ከተማዋ በፕሪሚየር ሊጉ የሚጫወት ክለብ ስለሌላት የደጋፊው ልብ ይከፋፈላል። አንዱ የባሕር ዳር ከተማ፣ ሌላው የፋሲል ከነማ፣ ሌላው የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በዚህ ላይ ከእንግሊዝ ቡድኖች አንዱን ያልያዘ ወጣት ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ወሬ እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ይታያል፤ ውስጡ ግን ከባድ ጥያቄ አለ። ሰው ነገን አያውቅም። ታዲያ በማያውቀው ነገ ላይ ልቡን መጣል ይገባዋል? በያዕቆብ መልእክት አራተኛ ምዕራፍ ነገ እገሌ ከተማ ሄደን ነግደን እናተርፋለን የሚሉ ሰዎች ተወቅሰዋል፤ የተሰጣቸው ምክር ዕቅዳቸውን ሁሉ ከጌታ ፈቃድ ጋር አያይዘው እንዲናገሩ ነው። ጎጃሜ ይህን ምክር ከአፉ አይለየውም። ለገበያ ሲቀጣጠርም፣ ለሠርግ ሲጠራም፣ ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብም «እግዚአብሔር ከፈቀደ»፣ «ዕድሜ ከሰጠን» ይላል። ያው ሰው ነሐሴ ላይ «ዘንድሮ ዋንጫው የኛ ነው» ብሎ ይምላል። ሁለቱ ንግግሮች ካንድ አፍ እንዴት ወጡ?

አስቀድሞ የነሐሴ ግምት ምን ያህል እንደሚስት ማየት ይገባል። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። በ2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይህንኑ ደገመው፤ እርሱም ገና ያደገ ቡድን ነበር፤ ከመቻል ጋር እስከ መጨረሻው ተናንቆ ሻምፒዮን ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ኢትዮጵያ መድን የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሣ። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት እነዚህን ሦስት ቡድኖች በየዓመታቸው አንደኛ ያደረገ ደጋፊ ከተገኘ ሊመሰገን ይገባዋል። ተቃራኒውም አለ። በ2013 የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጠረ፤ ከዚያ በፊት በሊጉ ታሪክ በአንድ የውድድር ዓመት ይህን ያህል ያገባ አልነበረም። እንዲህ ያለ አጥቂ የያዘ ቡድን ዋንጫ ይገባዋል ብሎ የሚከራከር ሰው ሞኝ አይባልም። ዋንጫው ግን ወደ ጎንደር ሄደ፤ ፋሲል ከነማ ወሰደው፤ ቡና ሁለተኛ ሆነ።

ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው ሁሉም ዕጣ ነው» ሊል ይችላል። እርሱም ይስታል። ጅማ አባ ጅፋርን በ2010 ለዋንጫ ያበቃው አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄዶ እዚያም ዋንጫ አነሣ። በ2017 ኢትዮጵያ መድንን ሻምፒዮን ያደረገውም እርሱ ነው። ዕጣ አንድን ሰው መርጦ በሦስት ክለቦች አይከተለውም። በክረምት ሊመረመር የሚችል እውነት አለ ማለት ነው፤ ደጋፊው የሚስተው ብዙ ጊዜ እውነቱን የሚፈልገው በአዲስ ፈራሚዎች ስም ዝርዝር ውስጥ ብቻ ስለሆነ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስለ ነገ የሚታወቀውንና የማይታወቀውን ለይተው ያስቀምጣሉ። የባሕረ ሐሳብ መምህር ዓመተ ምሕረቱን ከ5500 ጋር ደምሮ ለአራት ያካፍላል፤ ለ2018 ዓ.ም. ሁለት ስለሚተርፍ ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ ነው ይላል። ፋሲካ መቼ እንደሚውልም ከብዙ ዓመት በፊት ያሰላል፤ አይሳሳትም። ይህ ዕውቀት የቆመው በማይናወጥ ዑደት ላይ ነው። ዝናቡ ይበዛ ይሆን፣ ልጁ ያድግ ይሆን ተብሎ ሲጠየቅ ግን ያው መምህር «እርሱ ያውቃል» ብሎ ዝም ይላል። የእግር ኳስ ቡድን ነገር በሁለቱ መካከል ነው። ከፊሉ በዓይን ይመረመራል፤ ከፊሉ ለባለቤቱ ይተዋል። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ ይፈቱታል፤ አንዱ ፍች ሌላውን አያጠፋውም። የደጋፊም ግምት እንዲህ ቢሆን ይበጀዋል። አዲሱ አጥቂ ቶሎ ይላመድ ይሆናል፤ አንድም ጉልበቱ ይጎዳል፤ አንድም እርሱ ደኅና ሆኖ ሳለ ኳስ የሚያቀብለው ያጣል።

ሊቨርፑልን የሚደግፍ የደብረ ማርቆስ ወጣት በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ክረምቶች ያየው ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ2016 ክረምት የርገን ክሎፕ ሄዶ አርኔ ስሎት ሲተካ ክለቡ ለዋናው ቡድን ያመጣው አዲስ ተጫዋች ፌዴሪኮ ኬዬዛን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ደጋፊው አጉረመረመ፤ በባዶ እጅ ውድድር ተገባ ተባለ። ቡድኑ ግን አራት ጨዋታ ሲቀረው ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ቶተንሃምን 5 ለ 1 አሸንፎ ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ። በቀጣዩ ክረምት ታሪኩ ተገለበጠ። ፍሎሪያን ቪርትስ መጣ፤ ሁጎ ኤኪቲኬ መጣ፤ አሌክሳንደር ኢሳክ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ በእንግሊዝ የዝውውር ታሪክ ክብረ ወሰን ሰብሮ መጣ። ነሐሴ ላይ ዋንጫው እንደገና የሊቨርፑል መሆኑን የሚጠራጠር ጥቂት ነበር። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ከሰባት የሊግ ጨዋታ ስድስቱን ተሸነፈ።

በዚያው ክረምት ማንም በስሌቱ ያላስገባው ነገር ሆነ። ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. የቡድኑ አጥቂ ዲዮጎ ጆታ ከወንድሙ ከአንድሬ ሲልቫ ጋር ስፔን ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ። ዕድሜው 28 ነበር፤ ከሠርጉ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ክለቡ 20 ቁጥር መለያውን ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው ወሰነ። የዝውውር ወሬ ሰውን እንደ ሸቀጥ ያስቆጥራል፦ እገሌ ይሸጥ፣ እገሌ ይለወጥ፣ በእገሌ ላይ ይጨመር። ያ ዜና በተሰማበት ቀን ደብረ ማርቆስ ያለውም፣ ሊቨርፑል ከተማ ያለውም ደጋፊ እኩል የተገነዘበው ነገር አለ፤ ዝርዝሩ ላይ ያሉት ስሞች የእናት ልጆች ናቸው። በያዕቆብ መልእክት ውስጥ ያለው ተግሣጽ በቁም ነገር የሚነበበው እዚህ ላይ ነው። ተግሣጹ ዕቅድን አይከለክልም፤ በዕቅዱ ውስጥ ያለው ሰው ሟች መሆኑን እንዳንረሳ ይፈልጋል።

ከዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ ይበልጥ ያከራክራል። እግዚአብሔር ለቡድን ያደላል? ለጨዋታ ስለት የሚሳል፣ ሻማ የሚያበራ ደጋፊ አለ፤ ፍቅሩ እውነተኛ ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን ነገሩን እስከ ጫፉ ማሰብ ያስፈልጋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት የሰማዕቱን ስም ይዞ ነው፤ ቡድኑም እስከ ዛሬ «ፈረሰኞቹ» ይባላል። ሚያዝያ 23 ቀን ጊዮርጊስን የሚያነግሥ የጎጃም ምእመን፣ ባሕር ዳር ከተማ ከፈረሰኞቹ ጋር በሚጋጠምበት ቀን ለባሕር ዳር ድል ቢለምን ሰማዕቱ የማንን ልመና ይሰማል? በአንዱ ቡድን ውስጥ እንኳ አንዱ አማትቦ፣ ሌላው ዱዓ አድርጎ፣ ሌላው ተንበርክኮ ሜዳ ይገባል። ፈጣሪ ለሰው ፊት አያደላም የሚል እምነት ያለው ሰው የሌላውን ልጅ ውድቀት ሊለምን አይችልም። ማንም እንዳይሰበር፣ ዳኛው እውነት እንዲፈርድ፣ ደጋፊው በሰላም ቤቱ እንዲገባ ይጸለያል፤ ይህ በሁለቱም ወገን ቢጸለይ አይጋጭም። ግቡን ማግባት ግን የአጥቂው ሥራ ነው።

ተስፋን የሚያበላሽ ሌላም ነገር አለ፤ ውርርድ ነው። በመንግሥት ፈቃድ የሚሠሩት የስፖርት ውርርድ ድርጅቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአዲስ አበባ አልፈው በየክልሉ ከተሞች ተሰራጭተዋል፤ የአዲስ አበባ አስተዳደር ብዙ ውርርድ ቤቶችን እስከ መዝጋት ደርሷል። ከውጭ ሲታዩ ደጋፊውና ተወራራጁ አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ይገምታሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው ቡድኑ ሲሸነፍ ነው። ደጋፊ ግምቱ ቢስትም ቡድኑ የእርሱ ሆኖ ይቀጥላል፤ ሽንፈቱን ከተጫዋቹ ጋር ይካፈለዋል። ተወራራጅ ካዋጣው የገዛ ቡድኑ ይሸነፋል ብሎ ይወራረዳል፤ ከጨዋታው የሚፈልገው ገንዘቡን ብቻ ነው። የቀን ሠራተኛ ወጣት የዕለት ገቢውን ወስዶ በማያውቃቸው ሁለት የአውሮፓ ቡድኖች ላይ ሲያስይዝ ነገን ተስፋ አላደረገም፤ ሸጦታል። የሃይማኖት መምህራን በየዐውደ ምሕረቱ በዚህ ላይ ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉ ለትውልዱ ትልቅ ውለታ ነው።

እውነተኛው ተስፋ ምን እንደሚመስል ለማየት ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ ማየት ይበቃል። ደጋፊው በሚገምትባቸው በእነዚያው ወራት ገበሬው ጤፍ ይዘራል። በረዶ ሊመታው፣ ዝናቡ ቀድሞ ሊያቆም እንደሚችል ያውቃል፤ ሁለቱንም በሕይወቱ አይቷል። ይህን እያወቀ ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል፤ ዘሩን ይመርጣል፤ ያርማል። «ዘንድሮ ጥሩ ነው» ሲል ያረሰውን አይቶ ነው የሚናገረው፤ «እርሱ ካለ» ሲል ደግሞ ያላረሰውን ሰማይ እያየ ነው። ከላይ የተነሣው ጥያቄ፣ ሁለቱ ንግግሮች ካንድ አፍ እንዴት ወጡ የሚለው፣ እዚህ መልስ ያገኛል። አንዱ ስለ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ውጤት። የሥራውን ነገር በድፍረት የተናገረ ሰው ውጤቱን ለሌላ ሲተው ከራሱ ጋር አይጣላም።

ባሕር ዳር ከተማ የገበሬውን ትዕግሥት የሚጠይቅ ቡድን ነው። በ2010 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ አደገ፤ በ2015 በአሠልጣኝ ደግአረገ ይግዛው መሪነት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕም አለፈ። ደጋፊው ዓመታት የጠበቀው ክረምት ያ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ግን በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገድ ተዘጋ፤ ኢንተርኔት ተቋረጠ። «የጣና ሞገዶቹ» የሚባሉት ባሕር ዳሮች በዚያው ነሐሴ የታንዛኒያውን አዛምን ገጠሙ፤ የባሕር ዳር ስታዲየም የካፍን መስፈርት ስላላሟላ የሜዳቸውን ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ አደረጉ። በመለያ ምት አሸነፉ፤ በሚቀጥለው ዙር በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካ ተሸነፉ። ታላቁን ዓመታቸውን ሜዳ ገብቶ ሊያይ የሚገባው የጎጃም ደጋፊ ብዙው በዚያ ሰዓት ስለ ቤተሰቡ ደኅንነት ያስብ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ኳስ መጨነቅ ኃጢአት ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ሰው ነገ ሰላም ሆኖ ስታዲየም እገባለሁ ብሎ ማሰቡን ካቆመ ያጣው ጨዋታ ብቻ አይሆንም።

የደጋፊው ምርመራ ሌላም ዋጋ አለው። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው፤ አዲስ ፈራሚ የሚመጣው በሕዝብ ገንዘብ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጅቶ ነበር፤ የክፍያው ጉዳይ ግን ከዚያም በኋላ ማወዛገቡን አልተወም። በየክረምቱ ግማሽ ቡድን አሰናብቶ ግማሽ ቡድን የሚያስፈርም ክለብ፣ አሠልጣኙንም ከዓመት በላይ የማይታገሥ ክለብ፣ በገበሬ ቋንቋ ሳያርስ የሚዘራ ነው። ጅማ አባ ጅፋር ለዋንጫ በበቃበት ክረምት አሠልጣኙ ገብረመድኅንም ኮከብ ግብ አግቢው ኦኪኪ አፎላቢም ሄዱ፤ ክለቡ በ2014 ከሊጉ ወረደ።

ስለዚህ የጎጃም ደጋፊ በመጪው ክረምት ሲሰበሰብ ከ«ማን መጣ» በፊት «ማን ቆየ» ብሎ ይጠይቅ። አሠልጣኙ ስንት ዓመት ተሰጠው? ከታዳጊ ቡድኑ ስንት ልጅ አደገ? የውሉ ገንዘብ ከየት ወጣ? ደብረ ማርቆስም፣ ደምበጫም፣ ቢቸናም ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ሞልተዋል፤ የዞኑና የከተማው አስተዳደር ሜዳና አሠልጣኝ እንዲሰጣቸው ደጋፊው ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ በሚከራከርበት ድምፅ ይጠይቅላቸው።