ድምፅ የማን ነው?
ስለ ሚዞ ዘማርያን አገልግሎት

ለእግዚአብሔር ምስጋና የተለየ ድምፅ የማን ነው? የዘማሪው ነውን፣ ወይስ ዘማሪውን ያሳደገው ሕዝብ? ድምፁ ተቀርጾ ሲሸጥ፣ ስሙም በአደባባይ ሲነሣ፣ መዝሙሩ ጸሎት ሆኖ ይቀራልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ቅዱስ አጎስጢኖስ «ኑዛዜ» በተሰኘው መጽሐፉ በዐሥረኛው ክፍል፣ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ የዘማሪው ድምፅ ልቡን በሚማርከው ጊዜ እንደ በደል ይቆጥረው እንደነበር ገልጿል። ይሁን እንጂ በእምነቱ መጀመሪያ ወራት መዝሙር ያስፈሰሰውን እንባ አስታውሶ፣ በቤተ ክርስቲያን መዘመርን ከመደገፍ አልተመለሰም። እኛም ጥያቄውን ዝማሬን ከሕይወቱ ባልለየ አንድ ሕዝብ ምሳሌነት ልንመረምረው ወደድን።

ሚዞራም በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ከምያንማርና ከባንግላዴሽ ጋር የምትዋሰን ተራራማ ግዛት ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ነዋሪዎቿ ከ1 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጡ ሲሆኑ፣ ከ100 ሰዎች 87 ያህሉ ክርስቲያኖች ናቸው። አብዛኞቹ የፕሬስቢቴርያንና የባፕቲስት ምእመናን ናቸው፤ ካቶሊካውያን ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የአይዞል ሀገረ ስብከታቸውም የተቋቋመው በ1996 ነው። በ1894 ወደዚያ የገቡት ሎሬይንና ሳቪጅ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሚስዮናውያን የሚዞ ቋንቋ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ አደረጉ። የመጀመሪያዎቹ መዝሙሮች የተተረጎሙ ነበሩ፤ ዜማቸውም የአውሮፓ ነበር። ኹዋንግ የሚባለው የአገሩ ከበሮ ግን ከሩዝ ከሚጠመቀው መጠጥና ከጥንቱ ድግስ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ከጸሎት ቤት እንዲርቅ ተደረገ። ከበሮ በማኅሌት ውስጥ ያለውን ቦታ ለምናውቅ ለእኛ፣ ይህ የቱን ያህል እንደሚከብድ ለመገመት አያዳግትም።

ከ1919 ጀምሮ በተነሣው መንፈሳዊ መነቃቃት ከበሮው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ፓቴአንና ካምላላን የመሳሰሉ የሕዝቡ ልጆችም በራሳቸው ቋንቋ ውበትና በራሳቸው የዜማ ስሜት መዝሙር መድረስ ጀመሩ። ሌንግኾም ዛይ የሚባለው ተሰብስቦ የመዘመር ልማድ ሥር የሰደደው በዚህ ጊዜ ነው። በዚህ ዝማሬ አዳማጭ የሚባል ሰው የለም፤ ከበሮ መቺው ይመራል፣ ሁሉም በአንድነት ይከተላሉ፣ ልቡ የተነካ ሰው ተነሥቶ በመካከል ያሸበሽባል። በተለይም ሞት በገባበት ቤት ጎረቤቶችና ወጣቶች ማታ ማታ እየተሰበሰቡ ከሐዘንተኞቹ ጋር ይቀመጣሉ፣ ይዘምራሉ። በዚያ ቤት ለማንም አይከፈልም፤ ለማንም አይጨበጨብም። ሚዞዎች ዋጋ ሳይጠብቁና ሳይለመኑ ሌላውን ማስቀደምን «ትላውምንጋይህና» ይሉታል፤ ከግብረ ገባቸውም የላቀውን ስፍራ ይሰጡታል።

በስም የምትታወቅ የሚዞ ዘማሪት የምትወጣው እንግዲህ ከዚህ ሕዝብ መካከል ነው። በልጅነቷ በሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች፤ ሚስዮናውያን ያስተማሩትን፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እየተባለ የሚነበበውን የዜማ ምልክት ታጠናለች፤ በወጣቶች መዘምራን ውስጥ ታድጋለች። ድምፅዋ የተለየ መሆኑ ሲታወቅ በትላልቅ ጉባኤያት ብቻዋን እንድትዘምር ትጠየቃለች። ቀደም ሲል ካሴት ይወጣላት ነበር፤ ዛሬ ቪዲዮ ይሠራላታል፤ ከመንደር ወደ መንደርም ትጠራለች። ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ይለወጣል፤ በሐዘን ቤት አዳማጭ ያልነበረው ዝማሬ አሁን መድረክና ተመልካች አለው፤ ዋጋም ይተመንለታል።

አንዳንዶች በዚህ ቅር ይሰኛሉ፤ በነጻ የተቀበለችውን በነጻ ልትሰጥ ይገባታል ይላሉ። አባባላቸው ወንጌላዊ መሠረት አለው። ነገር ግን ሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው ያስተማረንም ይኸው ወንጌል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ወንጌልን የሚሰብክ ከወንጌል ሊኖር መብት እንዳለው ለቆሮንቶስ ሰዎች ካስረዳ በኋላ፣ እርሱ ግን በዚህ መብት እንዳልተጠቀመ ይነግራቸዋል። ሁለቱን አብረን ልናያቸው ይገባል። መብቱን ሊተው የሚችለው ባለመብቱ ነው፤ ሌላው ሰው ሊተውለት አይችልም። ዘማሪትን ሌሊትና ቀን እየጠሩ፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ እያዘመሩ፣ የመንገዷን ወጪ እንኳ ሳይሸፍኑ «የእግዚአብሔር ሥራ ነው» ብሎ መሸኘት በመንፈሳዊ ስም የሚፈጸም ግፍ ነው። ትላውምንጋይህና ሰው ከራሱ የሚጠይቀው በጎነት ነው፤ ከሌላው በግዴታ ሲጠየቅ በጎነቱ ይጠፋል።

ስለሆነም ድምፅን የሚያበላሸው ገንዘብ ብቻውን ነው ብለን አናምንም። ትልቁ አደጋ ዘማሪቱ ከሚከተሉት መካከል አንዷ መሆኗን መርሳቷ ነው። መለኪያው ቀላል ቢመስልም ጥብቅ ነው። በአዳራሽ የዘመረችው ሴት፣ የጎረቤቷ ልጅ በሞተበት ማታ ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀምጣ፣ ድምፅዋ ከብዙዎች ድምፅ ሳይለይ ልትዘምር ትችላለችን? ከቻለች ክፍያው አልጎዳትም። ካልቻለች ግን አንዲት ሳንቲም ሳትቀበል ብትዘምርም እንኳ ዋጋዋን በሰው ውዳሴ ተቀብላለች።

ሕዝቡም ቢሆን ከተጠያቂነት አያመልጥም። አንዱ ያማረ ድምፅ ብዙዎቹን ተራ ድምፆች ዝም ካሰኘ ጥፋቱ የዘማሪቱ ብቻ አይደለም፤ መዘመርን ትተን ማድመጥን የመረጥን ሁሉ ተካፋዮች ነን። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ስለ ቅዱስ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ፣ ምእመናን ራሳቸው በዝማሬ እንዲሳተፉ አሳስቧል፤ የራሳቸው የዜማ ወግ ያላቸው ሕዝቦችም ወጋቸው ተገቢው ክብር እንዲሰጠው አዟል። የሚዞ ምእመናን ይህን እውነት ከ40 ዓመታት በፊት በከበሮአቸው ተረድተውት ነበር።

ታዲያ ድምፅ የማን ነው? ድምፅ አደራ ነው። ሰጪው እግዚአብሔር ነው፤ ጠባቂዋ ዘማሪቱ ናት፤ የተሰጠው ግን ለሚያለቅሰውና ለሚደሰተው ሕዝብ ሁሉ ነው። አደራ ጠባቂ እንጀራ ሊነፈግ አይገባውም፤ አደራውንም የግል ሀብቱ ሊያደርገው አይገባም። እንግዲህ በየቁምስናችን የሚያገለግሉንን ዘማርያን በፍትሕ እንያዛቸው፤ እነርሱ ሲጀምሩም ዝም ብለን አንመልከታቸው፤ አብረናቸው እንዘምር።