ሰዓት የሚመልሰው፣ ፀሐይ የማትመልሰው

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 የዳካር ራሊ ሞተረኞች ከቦሊቪያዋ ኡዩኒ ተነሥተው ወደ አርጀንቲናዋ ሳልታ ሲጓዙ፣ አጠቃላይ ውድድሩን ይመራ የነበረው ፖርቱጋላዊው ፓውሎ ጎንሳልቬስ አንድ የወደቀ ሰው አየ። የወደቀው ተፎካካሪው ኦስትሪያዊው ማቲያስ ዋልክነር ነበር፤ የጭኑ አጥንት ተሰብሯል። ጎንሳልቬስ ሞተሩን አቁሞ ወረደ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይም ከጎኑ ቆየ። በኋላ የውድድሩ አዘጋጆች ያጠፋውን ጊዜ አስልተው መለሱለት፤ መሪነቱም አልተነካም። ደንቡ እንዲህ ነው፤ የተጎዳን ሰው ለመርዳት የቆመ ተወዳዳሪ የቆመበት ጊዜ አይታሰብበትም።

ድርጊቱ ተመሰገነ፤ መመስገንም ይገባዋል። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ያስከትላል። ለመሆኑ ዋጋው ተመልሶ የሚከፈል በጎነት፣ በጎነት ነውን? “ብድር በምድር” ሲባል ውለታ ሳይመለስ አይቀርም ማለት ነው፤ መቼና በማን እጅ እንደሚመለስ ግን የሚያውቅ የለም፤ ውለታ የዋለ ሰው ደረሰኝ አይቀበልም። በራሊው ግን ምላሹ በደቂቃና በሰከንድ ተቆጥሮ ይመጣል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ስለ አንድ ባለ ሱቅ ያነሣል። ባለ ሱቁ ዕቃ መግዛት የማያውቀውን ሕፃን እንኳ አያታልልም፤ ለሁሉም በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ይህን የሚያደርገው ግን ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ ከሆነ፣ ሥራው ትክክል ቢሆንም የሥነ ምግባር ክብር የለውም ይላል ካንት። በዚህ ሚዛን የሚመዝን ሰው፣ ደንቡን እያወቀ የቆመው ሞተረኛ ምን አጥቶ ምን ሰጠ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ለደንቡ የሚቆም መልስም አለ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ ቁስለኛውን ያነሣው ደጉ ሳምራዊ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ገንዘብ ከፍሎ፣ ከዚያ በላይ የሚያወጣውንም ሲመለስ እንደሚሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር። ጠባቂው ወጪው ስለሚተካለት ክፉ ሰው አልተባለም፤ ቁስለኛውም አስታማሚ አገኘ። ደንብ የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ ሳምራዊ ስላልሆነ ነው። የራሊው አመጣጥም ይህን ያስታውሳል። መሥራቹ ፈረንሳዊው ቲየሪ ሳቢን በ1977 ከአቢጃን እስከ ኒስ በተካሄደ ውድድር ላይ በሰሃራ በረሃ ጠፍቶ፣ ከሞት አፋፍ የተገኘ ሞተረኛ ነበር። ከፓሪስ ወደ ዳካር የሚዘልቀውን ውድድር በዲሴምበር 1978 ያስነሣው ከዚያ ተርፎ ነው። ባይፈለግና ባይገኝ ኖሮ ውድድሩም ባልኖረ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ ስለ ሰዓት ነው። በረሃ የሚወስደው ግን ጊዜን ብቻ አይደለም፤ ይህንንም ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ስማቸው በጋዜጣ የማይወጣው አማተሮች ናቸው። ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው፣ ለዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ከፍለው ይመጣሉ። ከእነርሱም መካከል “ማል ሞቶ” በሚባለው ምድብ የሚሰለፉት መካኒክ የላቸውም። አዘጋጆቹ አንድ የመሣሪያ ሣጥናቸውን፣ ትርፍ ጎማቸውንና ድንኳናቸውን ከሰፈር ወደ ሰፈር ያጓጉዙላቸዋል፤ የቀረው ሁሉ በራሳቸው እጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲነዱ የዋሉትን ሞተር ማታ በእጅ ባትሪ ብርሃን ይፈቱታል፤ ዘይት ይቀይራሉ፤ ጥቂት ሰዓት ተኝተው ከንጋት በፊት ይነሣሉ።

ራሊው ከ2009 እስከ 2019 በደቡብ አሜሪካ ሲካሄድ ወሩ የዚያ ምድር የበጋ እኩሌታ ነበር። የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ40 ሲያልፍ ሕይወት ላይ አደጋ ይመጣል። ገላ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ትነት ነው፤ ሞተረኛው ግን ሄልሜት አጥልቆ፣ የደረትና የጉልበት መከላከያ ታጥቆ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጫማ ተጫምቷል። አየሩ ከቆዳው በላይ ሲግል ነፋሱ ራሱ ሙቀት ያመጣበታል፤ ያም ሆኖ ላቡን የሚያተንለት ይኸው ነፋስ ነው፤ ሞተሩ ሲቆም እርሱም ይቀርበታል። በ2014 ከቺሌሲቶ ወደ ቱኩማን በተደረገው ጉዞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በመውጣቱ የሞተረኞቹ ውድድር ከፊሉ ተሰረዘ። በዓመቱ ከሳን ሁዋን ወደ ቺሌሲቶ ሲጓዝ የነበረ አንድ ፖላንዳዊ ሞተረኛ ከመንገዱ ውጭ ሞቶ ተገኘ፤ ምርመራውም የገደለው የገላው ከመጠን በላይ መጋልና የውሃ ማጣት መሆኑን አመለከተ።

እንግዲህ እንዲህ ባለው ሥፍራ ለወደቀ ሰው የቆመ አማተር የሚሰጠው ምንድን ነው? በዘጠናኛ ደረጃ ለሚጓዝ ሰው የሚመለስለት አሥር ደቂቃ ከቁም ነገር አይቆጠርም። ጥላ በሌለበት አሸዋ ላይ ተንበርክኮ፣ በጀርባው ካዘለው ጥቂት ሊትር ውሃ ያካፍላል። ከባድ ሞተር ከሰው ላይ ለማንሣት ለቀጣዩ የአሸዋ ክምር ያስቀመጠውን ጉልበት ያወጣል። ተነሥቶ ሲሄድ ፀሐይ ከፍ ብላለች፤ አሸዋው ላልቷል፤ ሰፈር የሚገባውም በጨለማ ነው። ዳኛው ሰዓቱን ይመልስለታል። ውሃውን፣ ጉልበቱንና የጠዋቱን ቅዝቃዜ የሚመልስለት ግን የለም። ካንት የፈለገው ንጹሕ ሚዛን የሚገኘው ምናልባት እዚህ ላይ ነው። ደንቡ የሚክሰው ትንሹን ነው፤ ትልቁ ያለ ካሳ የሚሰጥ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው “ወዶ የገባበት ነው” የሚለው ነው። ማንም ሳያስገድደው በጠራራ ፀሐይ ሊሮጥ የመጣ ሰው ቢወድቅ የሌላውን ውሃ የመካፈል መብት ከየት ያገኛል? ይህ አነጋገር ከሩቅ ሲሰማ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ለመወዳደር የወደደ ሰው ለመሞት ወድዷል ማለት አይደለም፤ የሚያልፈው ሰው ራሱም በዚያው ምርጫ የመጣ በመሆኑ ሌላውን በምርጫው ሊኮንን አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። ሙቀት የሚያደክመው ገላን ብቻ ሳይሆን አእምሮንም ነው፤ ምች የመታው ሰው ይዘባርቃል፤ መንገዱን ይስታል። የመጨረሻ ውሃውን ሰጥቶ ከቁስለኛው አጠገብ የሚወድቅ ሰው አንዱን አደጋ ሁለት ያደርገዋል። ታዲያ ግዴታው የት ላይ ያበቃል? መልሱ በቆመበት ሰዓት ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ገና ከሰፈር ሲነሣ የሚሰጥ ነው። ሸክም ለማቅለል ሲል ለራሱ ብቻ የሚበቃ ውሃ ይዞ የወጣ፣ ወይም እስኪጠማ ድረስ ሳይጠጣ ገላውን ያደረቀ ሰው፣ ላለመቆም አስቀድሞ ወስኗል፤ ውሳኔውን ግን አላወቀውም። በጎነት በበረሃ መካከል በድንገት የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ጠዋት በትርፍ ውሃ ተመዝኖ የሚጫን ስንቅ ነው።

ሙቀት ስፖርት ሳይሆን የዕለት ኑሮ በሆነበት ምድር ይህ ከጥንት የታወቀ ነው። በ1960ዎቹ በተደረገው ምዝገባ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ የነበረው ዳሎል በሚገኝበት በአፋር ምድር፣ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆመው “ዳጉ” ይለዋወጣሉ፤ ውሃው የት እንዳለ፣ ግጦሹ እንዴት እንደ ሆነ፣ መንገዱ ሰላም መሆን አለመሆኑን ይነጋገራሉ። በዚያ አገር መቆም ከጉዞው የተቆረጠ ጊዜ ሳይሆን የጉዞው ክፍል ነው። የዛሬው ተናጋሪ የነገው ጠያቂ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ጊዜዬ ይመለስልኝ የሚል የለም።

በጃንዋሪ 2020 ራሊው ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ሲካሄድ የወደቀው ጎንሳልቬስ ራሱ ነበር። ያለፈው ዓመት አሸናፊ የነበረው አውስትራሊያዊው ቶቢ ፕራይስ ደርሶ ቆመ፤ አጠገቡም ቆየ። ጎንሳልቬስ ግን አልተረፈም። በማግስቱ የሞተረኞቹ ውድድር ተሰረዘ። ለፕራይስም ጊዜው ተመለሰለት። ያን ቀን በአሸዋው ላይ ተንበርክኮ ያየውን ግን የሚያካክስ ደንብ አልነበረም፤ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ለዋልክነር የቆመው ጎንሳልቬስም ብድሩ በሰዓት እንደማይለካ ሳያውቅ አልቀረም።