ልጄ፣ ወንበሩ ላይ ሳትደላደል ስማኝ

ልጄ፣ ሹመትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ እግዚአብሔር ያስችልህ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚልህ ወዳጅ አይጠፋም። ከዚያ ወዳጅ ሽሽ። ይህ አባባል አገር እንዴት እንደሚያፈርስ የሴራሊዮን ሰው ይነግርሃል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የፈነዳው የዚያች አገር ጦርነት እስከ 2002 ዘልቆ ወደ 50 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ፈጀ። ምክንያቱን ብትጠይቅ «አልማዝ ነው» ይሉሃል። አልማዙ ለአማፂው ጠመንጃ ገዝቷል፣ ጦርነቱንም አራዝሟል፤ አልክድም። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሲያካ ስቲቨንስ 17 ዓመት ሲገዛ፣ በ1978 አገሩን በአንድ ፓርቲ ሥር ሲጠቀልል፣ የአልማዙ ገንዘብ የባለሟሎች ሲሳይ ሲሆን ማገዶው ተከምሮ ነበር። በተተኪው በጆሴፍ ሞሞ ዘመን መምህሩ ደመወዝ ሲያጣ ክፍሉን ጥሎ ሄደ፤ ተማሪውም መንገድ ላይ ቀረ። አልማዝ በሚወጣበት በኮኖ ወረዳ ወጣቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ጠጠር በወንፊት ሲያጥብ ይውል ነበር። የቀን ዋጋው ጥቂት ሩዝ ነበር፤ ድንጋዩ ቢገኝ እንኳ ዋጋውን የሚቆርጠው ሌላ ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የገጠሩ ፍርድ ነው። የአካባቢው ባላባቶች ወጣቱን ከአቅሙ በላይ ይቀጡት ነበር። መክፈል ያቃተው ወይ በጉልበቱ ያገለግላል፣ ወይ ቀዬውን ጥሎ ይጠፋል። አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው። የአማፂዎቹ መሪ ፎዳይ ሳንኮህ ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ ይህ ቁጭት ጠበቀው። ከታጣቂዎቹ ብዙዎቹ ተጠልፈው የተወሰዱ ሕፃናት ነበሩ፤ በእነሱ አልፈርድም። ፈቅደው ከገቡት መካከል ግን ይህን ቂም የቋጠሩ ነበሩ። የአገሪቱ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽንም በ2004 ሪፖርቱ ከአልማዙ ይልቅ ብልሹ አስተዳደርን፣ ሙስናንና የመብት ረገጣን ነው ያስቀደመው።

አንተም ሳይቃጠል በቅጠል በል። ቢሮ በገባህ ሳምንት የመምህራኑ ደመወዝ መቼ እንደተከፈለ ጠይቅ። የቅጣት ደረሰኞቹን አስወጥተህ ማን በምን ጥፋት እንደተቀጣ በዓይንህ እይ። ያለ አግባብ የተወሰደበት ካለ ባለጉዳዩን ጠርተህ በሰው ፊት መልስለት።