ቁራውን የላከው ማን ነው?

ከቦንጋ ወጣ ብሎ በዴቻ ወረዳ የሚገኘውን የማንኪራን ጫካ የካፋ ሰዎች የአረቢካ ቡና እናት አገር ይሉታል። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል፤ ቀና ብሎ ላየ ደግሞ ከቅርንጫፍ ላይ የተሰቀሉ የንብ ቀፎዎች ይታዩታል። ቡናውና ማሩ የአካባቢውን ስም ከአገር አልፈው ያስጠሩ ናቸው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ውስጥ የሚኖር፣ ስሙ ሲነሳ ግን እርግማን የሚከተለው ሌላ ፍጡር አለ። የቡና ፍሬ ቦርቧሪ የሚባለው ጥቁር ጥንዚዛ ነው።

ሴቷ ሁለት ሚሊ ሜትር አትሞላም። ከፍሬው ጫፍ፣ አበባው ረግፎ ጠባሳውን ከተወበት ቦታ ላይ፣ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ትበሳና ትገባለች። ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ትሎቹ ተፈልፍለው ፍሬውን ከውስጥ ይበሉታል። ወንዱ መብረር አይችልም፤ በተወለደበት ፍሬ ውስጥ ከእህቶቹ ጋር ተዳቅሎ እዚያው ይሞታል። ቡና ልትቆላ ሰፌድ ይዛ የተቀመጠች እናት ከጥሬው ቡና መካከል የተቦረቦረችውን ፍሬ በጣቷ ነጥላ ስትጥል የምትጥለው የዚህን ቤተሰብ ቤት ነው።

ኮሚክ የሚወዱ ወጣቶች እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ አያጡም። አሜሪካዊው ማርቭል እ.ኤ.አ. በ1968 የፈጠረው አናይለስ ነፍሳት የሚመስል ጨካኝ ገዥ ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከሚይዘው የጠፈር በትር ነው፤ ሞትን ስለሚፈራ ያስፈራኛል ያለውን ሕያው ሁሉ ያጠፋል። በእኛም አገር ኢታን ኮሚክስ ጀምበር የተሰኘውን ኮሚክ በአማርኛ ካሳተመ ወዲህ አንባቢው ባለ ልዩ ኃይል ጀግና ከባላንጣው ጋር ሲገጥም በገዛ ቋንቋው ማንበብ ችሏል። የቡናው ጥንዚዛ ኃይል ግን ከሠዓሊ ምናብ የመጣ አይደለም።

ለሰው ንቃት የሚሰጠው ካፌይን ለቡና ተክል የጦር መሣሪያው ነው፤ ብዙ ነፍሳትን ይመርዛል። ይህች ጥንዚዛ ግን ዕድሜዋን ሙሉ በመርዙ መካከል ትኖራለች። ተመራማሪዎች የምትወስደውን ካፌይን ከሰውነቷ ክብደት ጋር አነጻጽረው፣ አንድ ሰው አምስት መቶ ስኒ ያህል ኤስፕሬሶ እንደ መጠጣት ነው ብለዋል። እንዴት እንደምትተርፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በአንጀቷ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ በተለይ ሱዶሞናስ ፉልቫ የተባለው፣ ካፌይኑን ይሰባብሩላታል፤ ይህ ባክቴሪያ ካፌይንን ምግብ አድርጎ መኖርም ይችላል። ሊገድላት የተላከው መርዝ የአንጀቷ ነዋሪ ቀለብ ሆነ ማለት ነው። በመድኃኒት ባክቴሪያዎቹን ያጡ ጥንዚዛዎች ካፌይኑን መፍጨት አቅቷቸው ነበር፤ ዘራቸውም እጅግ ቀነሰ።

እንግዲህ አማኝ የሆነ ገበሬ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የዓመት ልፋቱን ከውስጥ እየበላ ለሚጨርስ፣ የተክሉን መከላከያ እንኳ ላከሸፈ ፍጡር ይህን ብልሃት የሰጠው ማን ነው? እግዚአብሔር ነው ካለ ልቡ ይጨነቃል። ሰይጣን ነው ካለ ደግሞ የሚገባበት ጉድጓድ ከፊተኛው ይብሳል።

ጉድጓዱን ከአስራ ስድስት መቶ ዓመት በፊት ያሳየው ሰሜን አፍሪካዊው አውግስጢኖስ ነው። በወጣትነቱ፣ ዓለምን ለብርሃንና ለጨለማ አምላክ የሚያካፍለውን የማኒን ትምህርት ለዘጠኝ ዓመት ያህል ተከትሏል፤ ስለዚህ መንገዱን ያውቀዋል። ኋላ ጳጳስ ሆኖ የዮሐንስን ወንጌል ሲተረጉም ስለ አንድ ዝንብ ያስመረረው ሰው ተረከ። የማኒ ተከታይ መጥቶ ዝንብን ማን ፈጠረው አለው። የተማረረው ሰው እግዚአብሔር ሊል አልደፈረም፤ ዲያብሎስ ሳይሆን አይቀርም አለ። እንግዲያ ከዝንብ ጥቂት የምትበልጠውን ንብንስ? ያው እርሱ። እንዲህ እያለ ከንብ ወደ አንበጣ፣ ከአንበጣ ወደ እንሽላሊት፣ ከዚያ ወደ ወፍ፣ ወደ በግ፣ ወደ ላም፣ ወደ ዝሆን፣ በመጨረሻም ወደ ሰው አደረሰው። ምስኪኑ ሰው ዝንብን ለዲያብሎስ ሲሰጥ ራሱንም አብሮ ሰጠ።

ለካፋ ሰው ከዝንብ እስከ ንብ ያለው እርምጃ የቀፎ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የቡና አበባ ወለላ ውስጥ ጥቂት ካፌይን እንዳለ፣ ይህም ንብ የአበባውን ሽታ ለረጅም ጊዜ እንድታስታውስ እንደሚረዳት አሳይቷል። ያው ተክል፣ ያው ንጥረ ነገር ለአንዷ መርዝ፣ ለሌላዋ ማስታወሻ ነው፤ ሦስተኛዋ ደግሞ አንጀቷ ውስጥ ታስፈጨዋለች። ጥንዚዛዋን ለክፉ አምላክ ያስረከበ ሰው ንቧን ለደጉ ማስቀረቱ በምን መለኪያ ነው? በሰው ጥቅምና ጉዳት ካልሆነ በቀር ሌላ መለኪያ አይገኝም፤ ጥቅም ደግሞ የጥሩ ፍጥረትነት መስፈሪያ ሊሆን አይችልም። ቁርኣንም በአል-በቀራ ምዕራፍ አላህ ትንኝን እንኳ ምሳሌ አድርጎ ለመጥቀስ እንደማያፍር ይናገራል። ትንኝም ጥንዚዛም የአንድ ፈጣሪ ሥራ ናቸው።

አናይለስ ክፉ የሚሆነው ስለሚመርጥ ነው፤ ፈርቶ፣ አስቦ ያጠፋል። ጥንዚዛዋ ግን አትመርጥም። ፈቃድ በሌለበት በደል የለም።

ይሁንና በዚህ ብቻ ተጽናንቶ ዝም ማለት ለገበሬው ጭካኔ ነው። ጉዳቱ እውነት ነው፤ በዓለም ደረጃ በየዓመቱ ከአምስት መቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይገመታል። ክፋት በጥንዚዛዋ ውስጥ ከሌለ የት ነው ያለው? መልሱን መጽሐፈ ኩፋሌ ውስጥ መፈለግ ይሻላል። መጽሐፉ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠራል፤ ሙሉ ሆኖ የተረፈውም በግእዝ ብቻ ነው። የክፉ መናፍስት አለቃ መስቴማ የተዘራውን ዘር እንዲለቅሙ ቁራዎችን ይልካል፤ ሰዉ ይራባል። የአሥራ አራት ዓመቱ አብራም እየሮጠ፣ እየጮኸ ቁራዎቹን በአንድ ቀን ሰባ ጊዜ ይመልሳቸዋል። ትረካው ቁራውን አይረግምም፤ ነቀፋው በላኪው ላይ ነው። አብራምም ቁራ ሲያባርር አልኖረም። ኋላ አናጺዎችን አስተምሮ ዘሩ ከዕቃው ወርዶ በማረሻው ሥር አፈር ውስጥ እንዲገባ አደረገ፤ ቁራውም ከዚያ በኋላ አላስፈራቸውም።

የቡናውን ቁራ ማን ላከው? ጥንዚዛዋ አፍሪካዊት ናት፤ ወደ ብራዚል፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ወደ ኮሎምቢያ፣ በ2010 ወደ ሃዋይ የደረሰችው ግን በገዛ ክንፏ አይደለም። ውቅያኖስ ያሻገራት የሰው ጭነት ነው። በካፋ ጎረቤት በጅማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት የአየር ሁኔታውን መዝገብ አገላብጦ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 1984 ድረስ የአካባቢው ብርድ ጥንዚዛዋን በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ ለማስጨረስ አይመችም ነበር ይላል፤ ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ ጨምሮ አንድና ሁለት ትውልድ የሚያደርስ ሆኗል። ብርድ ጠባቂ ነበረ፤ ጠባቂውን ያነሳው የሰው ልጅ ጭስ ነው። በጭሱ ውስጥ የካፋ ገበሬ ድርሻ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መስቴማን ፈልጎ ወደ ፍሬው ውስጥ የሚያጮልቅ ሰው የሚያየው ትል ብቻ ነው።

የአብራም ማረሻ የሚመስሉ መፍትሔዎች አሉ። የጥላ ዛፍ ሙቀቱን ያበርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ጫካ ከዚህ አንጻር ለቡናው ምሽግ ነው። ሌላው መፍትሔ ዛፍ ላይ የቀረውንና መሬት የወደቀውን ፍሬ ጠራርጎ መልቀም ነው፤ ጥንዚዛዋ ከመከር እስከ መከር የምትሰነብተው በዚያ በደረቀ ጀንፈል ውስጥ ነውና።

እዚህ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቅ ሰው ቆም ይላል። ኦሪት ዘሌዋውያን የወይኑን ርጋፊ አትልቀም፣ ለድሃውና ለእንግዳው ተወው ይላልና። ባለሙያው ጠራርገህ ልቀም ሲል ሕጉ ተው ማለቱ ይሆን? አይደለም። ሕጉ ርጋፊው መሬት ላይ ይበስብስ አላለም፤ ድሃ ይልቀመው ነው ያለው። ከመከር በኋላ ማሳውን ለለቃሚ የሚከፍት ባለ ቡና ትእዛዙንም ይፈጽማል፣ የጥንዚዛዋንም ማደሪያ ያጠፋል። ይህ ለቀማ ግን ጉልበት ነው፤ የነቀዘው ፍሬ ደግሞ ዋጋ አያወጣም። ስለዚህ የሁለተኛውን ለቀማ ድካም ከቡናው ዋጋ ጋር አስቦ መክፈል የገዢው፣ ከሁሉ በፊትም በሙቀቱ ላይ ከፍ ያለ ድርሻ ባላቸው አገሮች ቡናውን የሚጠጣው ሰው ዕዳ ነው።